ለቆጋ የምትሆን ጀልባ፦ ከመርካቶ እስከ መራዊ የኮምፔርሳቶ ምርጫ ማስታወሻ

ደብረ ማርቆስ ላይ ጀልባ ሊሠራ ነው ስላቸው አዲስ አበባ ያሉ ወዳጆቼ ሁሉ የሚያነሡት ጥያቄ አንድ ነበር፦ «የት ሊያንሳፍፋት?» ቢጠይቁም አይፈረድባቸውም። ደብረ ማርቆስ ከባሕር ወለል ከ2,400 ሜትር በላይ ከፍ ብላ፣ ከጮቄ ተራራ ግርጌ፣ በጤፍና በስንዴ ማሳ ተከባ የተቀመጠች ከተማ ናት። በአጠገቧ የሚያልፈው ጨሞጋም ክረምት ላይ ቢያስፈራ በበጋ ሱሪን ሰብስበው የሚሻገሩት ወንዝ ነው።

ጀልባዋ የታሰበችው ግን ለጨሞጋ ሳይሆን ለቆጋ ነው። መራዊ ከተማ አጠገብ ያለው የቆጋ ግድብ የተሠራው 7,000 ሄክታር የሚያህል መሬት በመስኖ ለማልማት ነው፤ ውኃው ከተጠራቀመ በኋላ ደግሞ ዓሣ አስጋሪዎች መጡበት። ከእነሱ መካከል ጥቂት ወጣቶች የአክስቴን ልጅ በሰው በሰው አገኙት። እሱ ደብረ ማርቆስ ውስጥ በር፣ አልጋና ቁም ሣጥን እየሠራ የሚተዳደር አናጢ ነው። «ትንሽ የእንጨት ጀልባ ሥራልን» አሉት፤ እሺ አለ። ርዝመቷ ሦስት ሜትር ተኩል ገደማ፣ ሆዷ ጠፍጣፋ፣ ሁለት ሰውና መረብ የምትይዝ። ከዚያ ለእኔ ደወለልኝ፦ «አንተ አዲስ አበባ ነህ፤ ኮምፔርሳቶውን ምረጥልኝ።» ስለ ጉዳዩ ያገኘሁትን ሁሉ ሳነብ ከረምኩና ኅዳር 2011 ዓ.ም ላይ ቁርጥራጭ ሰሌዳ በቦርሳዬ ይዤ ወደ ጎጃም ተነሣሁ።

መርካቶ

መርካቶ ኮምፔርሳቶ የሚገዛ ሰው የሚጠይቀው ሦስት ነገር ነው፦ ውፍረቱ ስንት ነው፣ ፊቱ ያምራል ወይ፣ ዋጋውስ። ሻጩም መልስ ያዘጋጀው ለእነዚሁ ነው። ለጣሪያና ለቁም ሣጥን ጀርባ ከዚህ በላይ አያስፈልግም። ለጀልባ ግን ቁም ነገሩ ያለው ከፊቱ ሥር ነው፦ ልጣጮቹ የተያያዙበት ኮላ፣ የሆዱ ጤንነት እና የእንጨቱ ዓይነት።

ከኮላው ልጀምር። ኮምፔርሳቶ የሚሠራው ግንዱ እንደ ወረቀት ተልጦ፣ ልጣጮቹ አንዱ በአንዱ ላይ መስቀለኛ እየተነጠፉ፣ በኮላና በሙቀት ተጨፍልቀው ነው። ለቤት ውስጥ ዕቃ የሚውለው ብዙውን ጊዜ በዩሪያ ፎርማልዴሃይድ የተጣበቀ ነው፤ ርካሽ ነው፣ ደረቅ ቦታ ላይ ዕድሜ ልክ ይቆያል፣ ውኃና ሙቀት ሲያገኘው ግን ይለቃል። ሜላሚን ከእሱ ይሻላል። ውኃን በደንብ የሚችለው ፌኖል ፎርማልዴሃይድ ነው፤ ጠርዙ ላይ በልጣጮቹ መሐል ጥቁር ቡናማ መስመር ሆኖ ይታያል። መስመሩን ማየት ጥሩ ምልክት ነው፤ ማስረጃው ግን ድስት ውስጥ ሲቀቀል ነው የሚገኘው።

ሰሌዳው ላይ የሚመታው ማኅተም ሌላ ጉዳይ ነው። የጀልባ ኮምፔርሳቶ በዓለም ገበያ የሚታወቀው ቢኤስ 1088 በሚባለው የእንግሊዝ ደረጃ ነው። ደረጃው ኮላው ፍል ውኃ እንዲችል፣ ሆዱ ክፍተት እንዳይኖረው፣ ፊቱም ከጉድለት የጸዳ እንዲሆን ያዛል። ቁጥሩን ሰሌዳ ላይ ማተም ግን ለማንኛውም ፋብሪካ ቀላል ነው። ሎይድስ ሬጂስተርን የመሰለ ገለልተኛ መርማሪ የምስክር ወረቀት የሰጠው ሰሌዳና ቀለም ብቻ የተመታበት ሰሌዳ ለዓይን አንድ ናቸው። ብዙ ሰው የማያስተውለው ደግሞ ይህ ነው፦ ደረጃው እንጨቱ በፀረ ብስባሽ መድኃኒት ይነከር አይልም። ባለ ማኅተሙ ሰሌዳ ኮላው አይለቅም እንጂ እንጨቱ ይበሰብሳል።

ሱቅ ለሱቅ እየዞርኩ ከአራት ዓይነት ሰሌዳ ቁራጭ ለመንኩ። አንደኛው ለጣሪያ የሚሸጠው ባለ ሦስት ልጣጭ ስስ ኮምፔርሳቶ ነው። ሁለተኛው ኮንክሪት የሚሞላበት፣ ፊቱ ጥቁር አንጸባራቂ የሆነው ባለ 12 ሚሊ የፎርም ኮምፔርሳቶ ነው። ሦስተኛው «ማሪን» የሚል ማኅተም ያለበት፣ ቀላ ያለ፣ ባለ 6 ሚሊ። አራተኛው በአንድ መደብር ጥግ አቧራ ለብሶ የቆመ፣ ማኅተም የሌለው፣ ጀርባው ላይ ግን ኦኩሜ የሚል ወረቀት የተለጠፈበት ባለ 6 ሚሊ ነው። «ለሆነ ቢሮ ታዝዞ የተረፈ ነው፤ ማንም አይፈልገውም፣ ሲይዙት ይቀላል» አለኝ ሻጩ። ኦኩሜ በጋቦንና በአካባቢው የሚበቅል ሮዝ መሰል ቀላል እንጨት ነው፤ የአውሮፓ ጀልባ ሠሪዎች ለትንንሽ ጀልባ ከሚመርጡት አንዱ። ሻጩ ያማረረበት ቅለት እኔን አስደሰተኝ።

የዓባይ በረሃ

ከጎሐ ጽዮን መንገዱ ወደ ዓባይ ሲጠማዘዝ አውቶቡሱ ውስጥ ሹራብ ማውለቅ ተጀመረ። ከደጋው ጫፍ እስከ ወንዙ ከ1,000 ሜትር በላይ ቁልቁል ነው። ታች በጃፓን መንግሥት እርዳታ የተሠራው 303 ሜትር የህዳሴ ድልድይ ከአሮጌው ድልድይ ጎን ተዘርግቷል፤ በኬብል የተንጠለጠለ ነው። ሾፌሩ ፍጥነቱን ቀንሶ ስለነበር ውኃውን አየሁት። ክረምቱ ካለፈ ገና ሁለት ወር ነውና የደጋውን አፈር እንደተሸከመ ነው።

ይህ ገደል ጀልባ በመፈተን የታወቀ ነው። እ.ኤ.አ. በ1903 አሜሪካዊው ባለጸጋ ዊልያም ኖርዝሩፕ ማክሚላን በብረት ጀልባዎች ወንዙን ተከትሎ ሱዳን ሊወርድ ቢነሣ ብዙም ሳይርቅ ጀልባዎቹ ተሰባበሩበት። እ.ኤ.አ. በ1968 በአፄ ኃይለ ሥላሴ ፈቃድ የመጣው፣ ጆን ብላሽፎርድ ስኔል የመራው የእንግሊዝ ወታደሮች ጓድ የያዘው በአየር የሚነፉ የጎማ ጀልባዎችን ነበር፤ ድንጋይ ሲመታው ታጥፎ የሚመለስ ነገር መሆኑ ነው። የመጀመሪያው ጠንካራ ይዞ መጣ፣ ሁለተኛው ገር። ውኃውን ሳያዩ ስለ ቁሳቁስ መከራከር ከንቱ እንደሆነ እዚህ ገደል ውስጥ ግልጽ ይሆናል። ለዓባይ ፏፏቴና ድንጋይ ኮምፔርሳቶ የሚያስብ ሰው አይኖርም፤ ቆጋ ግን የረጋ ውኃ ነው።

ደጀን ላይ ስንወጣ የወለቁት ሹራቦች ተመልሰው ተለበሱ።

ደብረ ማርቆስ

የአክስቴ ልጅ አውደ ሥራ ዋናው መንገድ ዳር አይደለም፤ ገባ ብሎ በባሕር ዛፍ ማገርና በቆርቆሮ የተሠራ ነው። ግድግዳው ላይ መጋዝ፣ መላጊያና መሮ ተደርድሯል። ጥግ ላይ ያላለቀ የሠርግ አልጋ ቆሟል። ከጎኑ የሚሠሩት ሽማግሌ አናጢ ወሬውን ሰምተው ኖሮ በርጩማቸውን ይዘው መጡ።

«ጀልባ ነው አሉ» አሉኝ።

«አዎ ጋሼ፣ ትንሽ ጀልባ።»

ጥቁሩን ባለ 12 ሚሊ አንሥተው በጣታቸው ቆረቆሩት። «ይኼው! ሌላ ምን ትፈልጋለህ? ኮንክሪት የተሸከመ ውኃ አይፈራም። ውፍረት ድፍረት ይሰጣል።»

የአክስቴ ልጅም ልቡ ወደ እሱ ነው። እኔ ግን ድስት አምጡ አልኩ። የአክስቴ ልጅ ሚስት ከሰል ምድጃ ላይ አሮጌ ድስት ጣደችልን፤ በሌላኛው ምድጃ ቡና አፈላች። ከአራቱም ዓይነት የእጅ መዳፍ የሚያህል ቁራጭ ቆርጠን ነከርን።

በዚህ ከፍታ አንድ ነገር ማስታወስ ያስፈልጋል። ደብረ ማርቆስ ላይ ውኃ የሚፈላው በ100 ዲግሪ ሳይሆን በ92 ገደማ ነው፤ ስለዚህ ፈተናው ባሕር ዳርቻ ካሉት ላቦራቶሪዎች ይልቅ እዚህ ይላላል። የአውሮፓው ደንብ ለውጭ አገልግሎት የሚውለውን ሰሌዳ አራት ሰዓት ቀቅሎ፣ አድርቆ፣ እንደገና አራት ሰዓት ይቀቅለዋል፤ የቆየው የእንግሊዝ ፈተና እስከ 72 ሰዓት ይደርሳል። እኛ እስኪመሽ ቀቀልነው፣ ሌሊቱን ምድጃ አጠገብ አደረቅነው፣ በማግሥቱ ደገምነው።

የጣሪያው ኮምፔርሳቶ ቡናው በረካ ሳይደርስ ነው ያበቃለት። ጠርዙ ውኃ እንደገባው መጽሐፍ ተገላለጠ፤ በሹካ ሳነሣው ሦስቱ ልጣጮች ለሦስት ቀሩ። ሽማግሌው አንዱን ልጣጭ ተቀብለው በብርሃን ላይ አዩት። «ይኼንን ነው በሳሎኔ ጣሪያ ላይ የመታሁት» አሉና ሣቁ።

ሦስቱ ግን ሁለተኛውንም ቀን ቻሉ። በዓይን ብቻ ካየናቸው እኩል ናቸው። እዚህ ላይ የሚለያቸው መሮ ነው። መሮውን በሁለት ልጣጭ መሐል አስገብቶ መፈልቀቅ፤ ኮላው ደካማ ከሆነ ልጣጩ ልስልስ ብሎ ይነሣል፣ ሥሩም ንጹሕ ይሆናል። ኮላው ብርቱ ከሆነ እንጨቱ ራሱ ይቀደዳል፣ ቃጫው ከሁለቱም ወገን ተንጠልጥሎ ይቀራል። የአክስቴ ልጅ መሮውን ያዘ፤ በሦስቱም የተቀደደው እንጨቱ ነው። ኮላቸው ጥሩ ነው ማለት ነው።

«እንግዲያው ጥቁሩ ያልፋል» አሉ ሽማግሌው።

መጋዙን አነሣን። ሰሌዳ ከጠርዙ ብቻ ሲታይ ሊያታልል ይችላል፤ ፋብሪካው ጠርዙን በስቱኮ ሊደፍነው ይችላልና። ስለዚህ የእያንዳንዱን ቁራጭ መሐል ቆርጠን ሆዱን አየን። ጥቁሩ ውስጥ ሁለት ልጣጮች ሳይገጣጠሙ ቀርተው የትንሽ ጣት ስፋት ያለው ቀዳዳ አለ። «ማሪን» የሚለው ቀዩ ውስጥም በመሐለኛው ልጣጭ ላይ የክብሪት እንጨት የሚያስገባ ክፍተት ተገኘ። ኦኩሜው አምስት ልጣጭ ነው፤ አምስቱም ተመጣጣኝ ውፍረት ያላቸው፣ ቀዳዳም የላቸው።

ክፍተት ለምን ያስፈራል? ሁለት ምክንያት አለ። ሰሌዳው ለጀልባ ቅርጽ ሲታጠፍ የሚሰበረው ሆዱ ባዶ በሆነበት ነው። ሁለተኛው፣ በአንዲት የብሎን ቀዳዳ የገባ ውኃ በክፍተቱ ቦይ እየሄደ ከላይ በማይታይ ቦታ ይጠራቀማል። እንጨት የሚያበሰብሰው ሻጋታ እርጥበቱ ከ20 በመቶ በታች በሆነ እንጨት ላይ አይሠራም፤ ክፍተቱ ግን እርጥበቱን ጠብቆ ያቆይለታል። ከዚህም በላይ የእኛ ውኃ ጣፋጭ ነው። የባሕር ጨው ሻጋታውን ያዳክመዋል፤ ዝናብና የሐይቅ ውኃ ግን ይመቸዋል። በአንጻሩ እንጨት የሚቦረቡረው የባሕር ትል በጣፋጭ ውኃ አይኖርም። የጎጃም ጀልባ ጠላቱ ትል ሳይሆን ወለሉ ላይ ተኝቶ የሚከርም የዝናብ ውኃ ነው።

ጥቁሩ ሌላም እንቅፋት አለው። ያ የሚያብረቀርቀው ፊት ሙጫ የጠጣ ወረቀት ነው፤ ኮንክሪት እንዳይዘው ተብሎ የተሠራ። ኮንክሪት ያልያዘው ፊት ኢፖክሲም አይዘውም፤ በብርጭቆ ወረቀት ተፍቆ መነሣት አለበት። ይህን ስነግራቸው ሽማግሌው ጥቁሩን መልሰው አስቀመጡት፤ እጃቸው ግን ለአፍታ ላዩ ላይ ቆየ።

የጀልባዋ አጥንትና ልብስ

አሠራሩን የአክስቴ ልጅ መጀመሪያ አላመነውም። ሰሌዳው በልኩ ይቆረጣል፣ ጠርዝ ለጠርዝ በቀዳዳ በቀዳዳ በሽቦ ይሰፋል፣ ስፌቱ ከውስጥም ከውጭም በኢፖክሲና በፋይበር ጨርቅ ይለበጣል፤ ሲደርቅ ሽቦው ይወጣል። ይህን ስልት ዝነኛ ያደረገችው እ.ኤ.አ. በ1962 እንግሊዝ አገር የተነደፈችው ሚረር የተባለች ትንሽ ጀልባ ናት፤ ጀልባ ሠርቶ የማያውቅ ሰው ቤቱ ውስጥ እንዲሠራት ታስባ ወጣች፣ ከ70,000 በላይም ተሠርታለች። እነሱ የመዳብ ሽቦ ተጠቀሙ፤ ለእኛ የፌሮ ማሰሪያ ሽቦ ይበቃል፣ ወጪ ነውና።

የሰሌዳ ቁመት 2 ሜትር ከ44 ስለሆነ ለሦስት ሜትር ተኩል መቀጠል ግድ ነው። ሁለቱ ጫፎች በመላጊያ ዘንበል ተደርገው ተስለው ይደራረባሉ፤ የዘንበሉ ርዝመት የውፍረቱ ስምንት እጥፍ። ለ6 ሚሊ አምስት ሳንቲሜትር ገደማ መሆኑ ነው። መላጊያ ለሚያውቅ አናጢ ይህ ሥራ አያስቸግርም፤ የአክስቴ ልጅ በጣሪያው ኮምፔርሳቶ ትራፊ ላይ ሞክሮ ወዲያው ያዘው።

ለአጥንቷ የሚሆን እንጨት ሲነሣ ግን ክርክሩን የያዙት ሽማግሌው ናቸው። «ዋንዛ» አሉ ሳያመነቱ። ልክ ናቸው፤ ዋንዛ ቀላል ነው፣ ለመሮ ይታዘዛል፣ አይጣመምም፣ ምስጥም አይወደውም። ነገር ግን ዋንዛ፣ ኮሶ፣ ዝግባና ጽድ ከመንግሥት ደን እንዳይቆረጡ በ1986 ዓ.ም የወጣው የደን አዋጅ ከልክሎ ነበር፤ ገበያ ላይ የሚገኘውም ጥቂትና ውድ ነው። ባሕር ዛፍ በየደጁ አለ፤ ጠንካራ ነው፣ ሲደርቅ ግን ይጣመማል፣ ይሰነጠቃል፣ ይከብዳል። የተስማማነው በፈረንጅ ጽድ ነው፤ ተተክሎ የሚቆረጥ ነው፣ ቀጥ ያለ ነው፣ ይቀላል። ባሕር ዛፉ ለአንድ ነገር ብቻ ተመረጠ፦ ከሆዷ ሥር ጭቃና ጠጠር ለሚፋቀው መንሸራተቻ፤ እዚያ ጥንካሬው ይፈለጋል።

የቀረው ልብሷ ነው። በየጋራዡ ለመኪና አካልና ለውኃ ጋን የሚውለው ሬዚን ፖሊስተር ነው፤ ርካሽ ነው፣ እንጨት ላይ ግን በደንብ አይጣበቅም፣ ውሎ አድሮ ይላጣል። ኢፖክሲ ይወደዳል፤ ከተገዛ ደግሞ የደጋውን ጠባይ ማወቅ ይጠይቃል። ከ10 ዲግሪ በታች አብዛኛው ኢፖክሲ መድረቁ በጣም ይዘገያል፤ የደብረ ማርቆስ የኅዳርና የታኅሣሥ ሌሊት ደግሞ ከዚያ ይወርዳል። ጠዋት ቢቀባ ፀሐይ እንጨቱን ስታሞቀው በውስጡ ያለው አየር ይነፋና ቅቡን በአረፋ ይሞላዋል። ስለዚህ የሚቀባው ከሰዓት በኋላ፣ እንጨቱ ሞቆ መብረድ ሲጀምር ነው፤ ከዚያ በሸራ ተሸፍኖ አምፖል ሲበራለት ያድራል። በማግሥቱ ላዩ ላይ ሰም የመሰለ ቅባት ቢገኝ በውኃ ይታጠባል፣ ይፋቃል፣ ሁለተኛው ቅብ ይከተላል። በመጨረሻም በላዩ ቀለም ያስፈልጋል፤ ኢፖክሲን ውኃ ባይጎዳው ፀሐይ ታኝከዋለች፤ የደጋ ፀሐይ ደግሞ ብርቱ ናት።

ወደ ባሕር ዳር

በማለዳ ሚኒባስ ተሳፈርኩ። ደንበጫ፣ ፍኖተ ሰላም፣ ቡሬ፤ ከዚያ መንገዱ ወደ አዊ ይወጣል። እንጅባራ ዙሪያ ማሳው በዲከረንስ ተሸፍኗል፤ ገበሬው ለከሰል የሚተክለው ዛፍ ነው። እንጨት እንደ ሰብል በሚዘራበት አገር ስስ ቀላል ሰሌዳ ከጋቦን ይመጣል ብሎ ማሰብ ይከነክናል። ዳንግላ ላይ ለቁርስ ቆምን። እ.ኤ.አ. ከ1925 ጀምሮ የእንግሊዝ ቆንስል ሆኖ እዚህ የተቀመጠው ሮበርት ቺዝማን ዓባይንና ጣናን በካርታ ያሰፈረ ሰው ነው። ጣናን በዞረበት ጊዜ የተሳፈረው በደንገል ታንኳ ነበር።

ባሕር ዳር ዳርቻ ላይ ያንኑ ታንኳ አየሁ። አንድ የወይጦ ባለሙያ ደንገሉን እያሰረ ነው፤ እግሩን ተክሎ ገመዱን ይስባል፣ ዘለላው ይጠብቃል፣ ሌላ ዘለላ ይጨምራል። ከጎኑ ያረጀ ታንኳ ፀሐይ ላይ ተዘቅዝቋል።

«ስንት ጊዜ ያገለግላል?» አልኩት።

«በደንብ ካደረቁት ወራት ይሄዳል። ካላደረቁት ይከብዳል፣ ይሞታል።»

ደንገል ውኃ ይጠጣል፤ የሚያንሳፍፈው በቃጫው ውስጥ ያለው አየር ነው፣ አየሩ ቦታውን ለውኃ ሲለቅ ታንኳው ዝቅ ይላል። ኖርዌጂያዊው ቶር ሄየርዳል እ.ኤ.አ. በ1969 አትላንቲክን ሊያቋርጥባት ያሠራት ራ የተባለች መርከብ ደንገሏ ከጣና የተወሰደ ነበር፤ ውኃ ጠጥታ ባርባዶስ ሳትደርስ ተፈታች። በማግሥቱ ዓመት ሁለተኛዋ ራ በ57 ቀን ደረሰች። የታንኳ ሠሪው ጥበብ ይህን ሁሉ ያውቃል፤ ውኃውን ሳይከለክል ይቀበለዋል፣ መልሶ ያደርቀዋል፣ ሲያረጅ ይጥለዋል። የኮምፔርሳቶ ጀልባ ግን ውኃ ከገባት የማትድን ናት። የእሷ ጥበብ ዕድሜዋን ሁሉ ውኃን ደጅ ማስቀመጥ ነው። ከሁለቱ ትርጉም የሌለው መሐሉ ብቻ ነው፦ የውኃ መግቢያ እያላት የማትደርቅ ጀልባ።

ቆጋ

ስመለስ መራዊ ወረድኩና ወጣቶቹን ግድቡ ላይ አገኘኋቸው። ጊዜው ኅዳር ነውና ሐይቁ ሞልቷል፤ ውኃው እስከ ሣሩ ጫፍ ቀርቧል። አንደኛው አምባዛና ቆሮሶ ከመረቡ እያወጣ «ጋሼ፣ መቼ ትደርሳለች?» አለኝ። ስለ ሰሌዳው ውፍረት ምን እንደሚያስቡ ጠየቅኳቸው፤ እነሱም ወፍራሙን ነው የሚሉት።

«ደግሞ ግንቦት ላይ ውኃው የት ነው የሚሆነው?» አልኩ።

ልጁ ሳይናገር ወደ መሐል ጠቆመኝ። መስኖው ከተከፈተ በኋላ ሐይቁ እየሸሸ ይሄዳል፤ ዛሬ በቆምንበትና በዚያን ጊዜው ዳር መካከል ሰፊ ጭቃ ይቀራል። ጀልባዋን ማታ ማታ ወደ ደረቁ ማውጣት አለባቸው፤ ውኃው ዳር ካደረች መረቡም ጀልባዋም የማን እንደሆኑ አይታወቅም። «ማን ይሸከማታል?» ብል «እኛው ሁለታችን» አለኝ።

ማስታወሻ ደብተሬን አወጣሁ። አንድ ሰሌዳ ወደ 3 ካሬ ሜትር ነው። ኦኩሜው በ6 ሚሊ ከ8 እስከ 9 ኪሎ ይመዝናል፤ ቀዩ 11 ገደማ፤ ጥቁሩ በ12 ሚሊ 22። ጀልባዋ አራት ሰሌዳ ትፈልጋለች። ከጥቁሩ ሰሌዳው ብቻ 88 ኪሎ ነው፤ አጥንቷ፣ ፋይበሯና ቀለሟ ሲጨመር ከመቶ ያልፋል። ከኦኩሜው ሁሉም ተደምሮ 55 ገደማ ነው። ውኃ ላይ ይህ ልዩነት ብዙ አይደለም፤ ሆዷ ጠፍጣፋ ስለሆነ ሃምሳ ኪሎ ቢጨመርባት ሁለት ሳንቲሜትር ያህል ነው የምትሰምጠው። ጭቃ ላይ ግን ጀልባ ያላቸው ሰዎችና ጀልባቸውን ትተው የሚሄዱ ሰዎች የሚለያዩት በዚህ ሃምሳ ኪሎ ነው።

የሰሌዳ ምርጫ ከመደብሩ ይጀምራል ብዬ ነበር የተነሣሁት። ድስቱና መጋዙ የማይሆነውን አስወጡልን፤ ከሚሆኑት መሐል የመረጠልን ግን የግንቦት ጭቃ ነው። ከሐይቁ ዳር ወደ ደብረ ማርቆስ ደወልኩ።

«ኦኩሜው ነው» አልኩት።

«ስሱ? ሽማግሌው ይስቁብኛል።»

«ሆዷን ከውጭ በፋይበር ጨርቅ አልብሰው፤ ከሥሯ የባሕር ዛፍ መንሸራተቻ ምታ። ማታ ማታ በግንባሯ ተደፍታ ትደር በላቸው፤ ዝናብ ከውስጧ እንዳያድር። ጥንካሬዋ ያለው በስፌቷና በልብሷ ላይ ነው።»

ትንሽ ዝም ብሎ ዋጋውን ጠየቀኝ፤ ነገርኩት። ውድ ነው አለ። አራት ብቻ እንደሚያስፈልግና ሻጩም ማንም አይፈልገውም ያለኝን እያነሣን ልንከራከረው እንደምንችል ነገርኩት። «እንግዲያው» አለ «ስትገዛ እያንዳንዱን ጠርዝ ተመልከት፣ ከአራቱም ወገን በጣትህ እያንኳኳህ ባዶ የሚጮኸውን ተው። ደግሞ አምስት ግዛ፤ አንዱን ሽማግሌው ፊት በመጋዝ እከፍተዋለሁ።»